ስድስት ወር ያገለግላል

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ
ሰባት ነን፤ አባያ እንሰፋለን፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሳናይ።
ከሰባቱ መሃል ሒሳብ ያዥ እኔ ነኝና
ማዳም ስድስት መቶ ድርሃም ቆጥራ ሰጠችኝና
«የውሃው ወጪ በዛ» አለች፣ «ማጣሪያ ፈልጊ፤
እኔ እንጃ፣ የሚሆነውን አድርጊ።»

እውነቷን ነው፣ በዛ። ሐምሌ ነው፣ ይጠጣል፤
አንዱ ጋሎን ሳይደርቅ ሌላው ይገለበጣል።
የሚያመጣው ራሒም ነው፣ ቀኝ ትከሻው የዘመመ፣
ሊፍቱ በቆመ ቁጥር ደረጃ እየተሳለመ።

ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ የኬረላ ሰው ነው፣ ቢንሶይ ይሉታል፤
አፉ ሲያወራ እጁ ዋጋ ይጽፋል።
ብዕር የመሰለች ነገር ከኪሱ አወጣና
በሃይላንድ ይዤ የሄድኩት የቧንቧ ውሃ ውስጥ ነከራትና
«ሁለት መቶ ዘጠና» አለ፣ ቁጥሩን እያሳየኝ፤
ትኩሳት የለካኝ ይመስል በሐዘን አየኝ።

የደነገጥኩ መሰለው።
እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። የእኛ ቤት ማንቆርቆሪያ በየወሩ
ኖራ ይለብሳል፣ ከሆዱ እስከ ዳሩ፤
እናቴ በቢላ ጀርባ ስትፍቅ ስትፍቅ ትሰለችና
«ድንጋይ ጠጥተን ነው ድንጋይ የሆንነው» ትላለች፣ ትስቅና።
ያችን ውሃ የቢንሶይ ብዕር ብትነካ
ፈንድታ ትሞት ነበር፣ ሳትለካ።

ውዱን አወረደልኝ። አምስት አንገት አለው፣ አምስት መቶ ሰማንያ።
«ይሄ» አለ፣ «የመጨረሻው ነው፤ የለውም አምሳያ።»
«አንድ ብርጭቆ ለመጠጣት ስንት ይደፋል?» አልኩት።
ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስት... አንዳንዴም አራት።»

ይሄ ውሃ እኮ ትናንት ባሕር ነበር፤
ስንት እሳት ነደደ፣ ጨውና ውሃ እንዲማከር፣
እንዲፋታ፣ በሰላም እንዲለያይ፤
አሁን ደግሞ ሦስት እጁ ወደ ፍሳሽ፣ እያየን፣ በዓይናችን ላይ?
ማጣሪያ አይደለም ይሄ፣ ዳኛ ነው፣
ሦስቱን አስሮ አንዱን የሚፈታ።
ገንዘቤን ቦርሳዬ ከተትኩ። «እመለሳለሁ፣ ማታ።»

ማታ ግን ሱቅ ሳይሆን ጣሪያ ወጣሁ፤
ቁልፉን ከዘበኛው ለምኜ አመጣሁ፣
ሺራጁል ባትሪ ያዘልኝ።
ሮቶው ክዳን የለውም። በሽቦ ታስሮ ነበር፣ ሽቦውን በልቶታል ጨው።
ውስጡ የርግብ ላባ። ከሥር ለብ ያለ አተላ።
ሻይ የምናፈላበት ይኸው።

ብዕሯ ላባ አትቆጥርም።

መቶ ሃያው ለሮቶ አጣቢ፣ ሠላሳው ለክዳን ሆነ፤
በሁለት መቶ ሰማንያ ቢንሶይ ተራውን ባለከሰል ተከለ፣
ፊቱ እንደተከደነ።
የተረፈውን መቶ ሰባ ለማዳም መለስኩ።
ቆጠረችው። ሁለቴ። «ርካሹን ነው የገዛሽው?» ዝም አልኩ።

ራሒም ባዶ ጋሎኖቹን ሊወስድ መጣ።
ቧንቧውን አየ፣ ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ።
«ለጉልበቴ ጥሩ ነው» አለ፣ «ለደሞዜ ግን...» ብሎ ተወው።
ቀዳሁለት። ቆሞ ጠጣ። ጠረጠረ፣ ደገመ።
«ምንም ምንም አይልም» አለ፣
የምርቃት ያህል።

ቢንሶይ ሲወጣ ወረቀት ለጠፈ በማጣሪያው ሆድ ላይ፦
«ስድስት ወር ያገለግላል፤ መቀየሪያውን ቀን ጻፉ ከላይ።»
በልብስ ጠመኔ «ጥር» ብዬ ጻፍኩ።
ማሪሴል ከኋላዬ ቆማ በጣቷ ስትቆጥር ሰማሁ፤
ቪዛዋ ኅዳር ላይ ያልቃል። የሺራጁል ታኅሣሥ።
የእኔን እኔ አውቃለሁ።
«እና ማን ይቀይረዋል?» አለች።
ሳቅን፤ ብዙም አይደለም።

ከሥሩ «ጣሪያውንም እዩ» ልል ነበር፤ ግን በየት አገር ፊደል፣
ለማላውቀው ሰው፣ ገና ላልመጣው ባለዕድል?
ጠመኔውን በጣቴ አገላበጥኩ።
ርግብ ሣልኩ።
በላይዋ ክዳን።